ዋልካ ላይ የቆመ ቤት

ቤታቸውን መኪና ላይ ጭነው አፍሪካን የሚያቋርጡ ጥንዶች ባሕር ዳር ሲደርሱ ካርታ ዘርግተው ጣናን ዳር ዳሩን በመኪና መዞር ይመኛሉ። እንዲህ ያለ መንገድ የለም። የጎንደሩ አስፋልት ሐሙሲትን፣ ወረታንና አዲስ ዘመንን እየነካ ሐይቁን በስተግራ ትቶ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል እንጂ ውሃው ዳር አይወርድም። በምዕራብ በኩል ያሉትን ቁንዝላንና ደልጊን ከባሕር ዳርና ከጎርጎራ ጋር ሲያገናኝ የኖረው መርከብ ነው። ሐይቁ ዳር ማደር የፈለገ ሰው እንግዲህ ከአስፋልቱ ወርዶ በእርሻ መሀል ይገባል። እኔ የምጠራውም ያኔ ነው፤ ሥራዬ ጋራዥ ነው።

ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ከአፋቸው ሲያልፉ ሜዳው ራሱ ሐይቅ ይሆናል፤ የ1998ቱን ጎርፍ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ሩዝ የተስማማውም ለዚሁ ነው። ጣና መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ እስከ ሰኔ ቀስ እያለ ይጎድላል። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ወደ ታች አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲወርድ ወደ ጎን ብዙ መሬት ለቅቆ ይሄዳል። ገበሬው ባሕር ሸሽ የሚለው ይህን ነው፤ እርጥበቱ ሳያመልጠው ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጨረጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ በር ከተሠራ፣ በ2002 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ከምዕራቡ ዳርቻ ውሃ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ፣ ሐይቁ የሚጎድለውና የሚሞላው በዝናብ ብቻ አይደለም። እምቦጭ የሚባለው አረምም አለ። ከሩቅ የታጨደ መስክ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ውሃ ነው።

እንግዶቹ የሚመጡት በበጋ ነው። ፀሐይ የሰነጠቀው ቅርፊት ላይ በእግራቸው ወዲያ ወዲህ ብለው ይፈትሹታል፤ ይችላቸዋል። ሰውን የቻለ ቅርፊት አራት ቶን አይችልም። ከሥሩ ያለው ጭቃ የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል፤ ጥርሱ የሞላ ጎማ ደግሞ ያለቀ ጎማ ማለት ነው። ነዳጅ በሰጡት ቁጥር ጉድጓዱን ይቆፍራል። የአውሮፓ የቤት መኪኖች አብዛኞቹ ፊያት ዱካቶ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ኃይሉ ያለው የፊት ጎማ ላይ ነው። አልጋው፣ የውሃ ጋኑና ብስክሌቱ ኋላ ላይ ሲከመር ፊቱ ይቀልላል፤ መሳብ ያለበት ጎማ በባዶው ይሽከረከራል። ወደ እኛ የሚዘልቁት በብዛት በአራቱም ጎማ የሚነዱ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ከዋልካ አያመልጡም፤ ትንሽ ራቅ ብለው ገብተው ይሰምጣሉ እንጂ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ሰውዬውን ከመሪው ላይ ማስነሳት ነው። ሞተር ይጠፋል፤ ጎማው ግማሽ በግማሽ ይተነፍሳል፤ ጎማው ፊት ይቆፈርና ድንጋይና ጭራሮ ይገባበታል፤ ከዚያ ገመድ። ገመድ ከማውጣቴ በፊት ግን የማሳውን ባለቤት እጠይቃለሁ። እንግዶቹ ባዶ ሜዳ ያሉት ሁልጊዜ የሰው እርሻ ነው፤ ጎማው የገለበጠው ጓያ ይከፈልበታል። በዚህ አልደራደርም፤ መኪናው የሚጎተተው ከገበሬው ጋር ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

አንድ ቀን የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ። ሽበታም ባልና ሚስቱን አይተው፣

«ልጆች የላቸውም እንዴ?» አሉኝ።

«አሏቸው፣ አያ። ትልልቅ ናቸው፤ የየራሳቸው ቤት አላቸው።»

«ታዲያ እነዚህ ቤት አጥተው ነው?»

ለእንግዶቹ ተረጎምኩላቸው። ሴትየዋ ሳቀችና በጋዝ ምድጃዋ ቡና አፍልታ ሰጠቻቸው። ቀመሱና፣ «ቡናው ቀጥኗል፤ ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት በስተርጅና ርቀው የሚሄዱት ለስለት ነው፤ ወደ ግሸን፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ቁልቢ። ደርሰውም ይመለሳሉ። መድረሻ የሌለው ጉዞ ለማስረዳት ይከብዳል።

ጋራዥ ውስጥ ስለ ጥንዶች ብዙ ነገር ይታያል። ዘይት የተቀየረው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው ብዬ ስጠይቅ ባልየው ወደ ሚስቱ ይዞራል፤ ደብተሩ እሷ ጋ ነው። ባሌስትራ ሲሰበር ሁለቱም መንገዱን ይራገማሉ። እኔ ጣሪያው ላይ ያለውን አያለሁ። ዕቃ እናውርድ ሲባል ማን ምን እንደማያስነካ ያኔ ይለያል። የአንዲት ሴት ቀልድ ግን አይረሳኝም፤ በስድስት ሜትር መኪና ውስጥ ለወራት አብረው ሲኖሩ መጀመሪያ የተለያዩት ክብራን ገብርኤል ደጃፍ ላይ ነው። ሴት ስለማይገባ እሷ ጀልባው ላይ ቀረች። «እረፍት ነበር» አለችኝ፤ ባሏም ሳቀ።

ስለ መኪና ምርጫ ለሚጠይቁኝ የምለው አጭር ነው። ጀርመናዊው ጉንተር ሆልቶርፍ፣ የመንገዱን ትልቅ ክፍል ከሚስቱ ከክሪስቲን ጋር፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2014 ወደ 900,000 ኪሎ ሜትር ያህል የዞረበት መርሴዲስ ኤሌክትሮኒክስ የሌለው ተራ የናፍጣ ሞተር ነበረው፤ ዛሬ ሽቱትጋርት ሙዚየም ቆሟል። አዲሶቹ ሞተሮች ንጹሕ ናፍጣና የዩሪያ ፈሳሽ ይፈልጋሉ፤ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ከበራ እኔ ሳልሆን ኮምፒዩተር ነው የሚያናግራቸው። ሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ጨነቅ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሲሶ ይሳሳል፤ ሞተሩ ቢደክም አይገርምም። ወደ አዲስ አበባ የሚወጡትን ደግሞ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ማርሽ እንጂ ፍሬን አትመኑ እላለሁ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ የወረዱ ሰዎች የፍሬን ሸራቸው ሽታ ቀድሟቸው ይደርሳል።

አሁን እነዚህ መኪኖች አይመጡም። ሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የመተማው መንገድ ለእነሱ ተዘግቷል፤ በክልላችን ያለው ግጭት ሌላውንም አቆመው። ግቢዬ በባጃጅና በአይሱዙ ተሞልቷል።

ሥራው ጋብ ባለበት በዚህ ጊዜ ግን የማስበው አለ። ብዙ ሰው እነዚህን ሰዎች ሆቴል ስለማያድሩ ገንዘብ የላቸውም ይላቸዋል። ሆቴል ሁለት ቀን ከሚያድር ቱሪስት ይልቅ ሦስት ሳምንት ቆሞ ከገበያ ቲማቲም፣ ከጎሚስታው ጎማ፣ ከእኔ ጉልበት የሚገዛው ለከተማው አይከፋም። ጎርጎራ ላይ ሆላንዳውያን ጥንዶች የከፈቱት የቲምና ኪም መንደር ይህን ቀድሞ ያወቀ ቦታ ነው፤ ከሱዳን የገባ ሁሉ ስሙን ያውቀው ነበር። የገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም እዚያው ሪዞርት ሠርቷል፤ ጥሩ ነው። ቤቱን ይዞ የመጣ ሰው ግን ክፍል አይከራይም፤ የማይሰምጥ መሬት፣ የውሃ ቧንቧና የመጸዳጃ ጋኑን የሚያራግፍበት ጉድጓድ ይፈልጋል። ይህ ሦስተኛው ብዙም አይወራለትም። ማራገፊያ የሌለው ሰው ጋኑን ይዞ አይዞርም፤ ሌሊት ሐይቁ ዳር ይሄዳል። ያ ውሃ ዓሣ የሚወጣበት፣ የሚጠጣም ነው። ባሕር ዳር ላይ አንድ ቦታ ለመሥራት ትንሽ መሬት፣ ጥቂት መኪና ገረጋንቲ፣ አንድ ቧንቧና አንድ በደንብ የተገነባ የፍሳሽ ጉድጓድ ይበቃል። ገረጋንቲውን ማን ያወርዳል ለሚሉኝ፣ የማውቃቸው የገልባጭ ሾፌሮች አሉ።