በምዕራብ ጎጃም የኑግ ፍሬና የአዳቃይ ንቦች ጥበቃ

ስለ ርክበ ብናኝ የሚታተሙ በርካታ ጥናቶች የሚያተኩሩት በባምብልቢ ላይ ነው። ይህ ጸጉራም ንብ በአውሮፓ፣ በእስያና በአሜሪካ ቢስፋፋም ከሰሐራ በስተደቡብ በተፈጥሮ አይገኝም፤ ስለዚህ ለእርሱ የተነደፈ የጥበቃ ዘዴ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ገጠሮች እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በእነዚህ አካባቢዎች አበባን የሚያዳቅሉት በዋናነት የማር ንብ፣ ጣዝማና በማኅበር የማይኖሩ የዱር ንቦች ናቸው።

የጉዳዩን ክብደት ኑግ ያሳያል። ኑግ በራሱ ብናኝ እምብዛም አያፈራም፤ ብናኙ ከሌላ የኑግ ተክል መምጣት አለበት፤ የሚያመጡትም በአብዛኛው ንቦች ናቸው። ክረምቱ አልፎ ማሳው ቢጫ ሲለብስ ገበሬው የቅባት እህሉን፣ ንቡም ቀሰሙን ከአንድ አበባ ያገኛሉ። በዚሁ ወቅት በአጎራባች የበርበሬ ማሳ ፀረ ተባይ በቀን ከተረጨ ቀሳሚዋ ንብ ትሞታለች። ፀረ አረምም፣ ጉዳቱ ቢዘገይም፣ አደይ አበባን የመሳሰሉ የቀሰም ዕፅዋትን ያመናምናል። ርጭቱን ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ማካሄድ የተለየ ወጪ አይጠይቅም።

ለጣዝማ ግን ይህ አይበቃም። ጎጆዋ ከምድር በታች ነው፤ ለመድኃኒትነት የሚፈለገውን ማሯን ለማውጣት ሲቆፈር ብዙውን ጊዜ መንጋው አብሮ ይጠፋል። ቀፎ በመቁጠር ላይ የቆመ የንብ ሀብት መረጃ ይህን ጥፋት አይመዘግበውም።