መስኩ ቡታጅራ፣ ዲግሪው ኡሜኦ

በውጭ አገር የሚሠራ የዶክትሬት ጥናት ተመራማሪውን ከአገሩ ችግር ሊያርቀው ይችላል። ቡታጅራ ግን ሌላ መንገድ አሳይታለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1986 የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን በ10 ቀበሌዎች መሠረተ። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም የአእምሮ ጤናን፣ ፕሮፌሰር የማነ ብርሃኔ የሴቶችን ጤና በዚያው አጥንተው በ1997 እና በ2000 ከኡሜኦ ዶክትሬታቸውን አገኙ።

መንገዱ አድካሚ ነው፤ ተማሪው በሁለት አገሮች መካከል ይመላለሳል፣ በአገሬው ቋንቋ የተሰበሰበውን መረጃ በእንግሊዝኛ ይተነትናል። ትርፉ ግን ከዲግሪው ያልፋል፤ የአንዱ ጥናት መረጃ ለተከታዩ መነሻ ይሆናል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ወጣት ተቋማትም መምህራንን ወደ ውጭ ሲልኩ የጥናቱን መስክ በአካባቢያቸው ቢያደርጉ፣ ተማሪው ከመመለሱ በፊት ዕውቀቱ አገር ቤት ሥር ይሰዳል።