ስለ ኒም ዛፍ እናቶች ሊያውቁት የሚገባ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ያምራል። ይሁን እንጂ ዝናቡ በየጉድጓዱና በየቦዩ አቁሮት የሄደው ውሃ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። በዚህ ወቅት እናንተ እናቶች ከሁሉ አብልጣችሁ የምትፈሩት የልጅን ትኩሳት ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላችሁ ማታ ቤት ስትደርሱ ሕፃኑ ግንባሩ እንደ ምጣድ ግሎ ይጠብቃችኋል። በነጋታው ደግሞ የጠዋት ፈረቃ አለባችሁ፤ ከሥራ መቅረት ከደመወዝ ያስቆርጣል። ይህን ጊዜ ጎረቤት ትመጣና «አይዞሽ እኅቴ፤ ከእኛ ግቢ የኒም ቅጠል ቆርጬ ላምጣልሽ። አፍልተሽ አጠጪው፤ ምሬቱ ወባን ይነቅለዋል» ትላለች።

ጎረቤቲቱ ለልጁ ክፉ አላሰበችም። ከእናቷ የሰማችውን፣ ሰዎችም ዳንበት ሲሉ የሰማችውን ነው የነገረቻችሁ። ነገር ግን ያ ቅጠል ወደ ጀበና ወይም ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። ቅጠሉ በእርግጥ የኒም ነው ወይ? በውስጡ ያለው ነገር ምንድን ነው? ለማንና ለምንስ ይሰጣል? በዛሬው ዓምዳችን እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን።

ሁለት ዛፎች በአንድ ስም

ኒም በሳይንሳዊ ስሙ አዛዲራክታ ኢንዲካ ይባላል። የትውልድ አገሩ ህንድና በርማ ሲሆን፣ ሙቀትንና ድርቅን በመቋቋሙ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተወስዶ ተተክሏል። በአገራችንም በድሬዳዋ ጎዳናዎች ጥላ ሆኖ ይታያል፤ በጋምቤላና በሌሎችም ቆላ አካባቢዎች ይገኛል። ይህ ዛፍ ከሁሉ ይበልጥ የሚስማማው ቆላ ነው። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ በሚገኙ ከተሞች በየግቢውና በየአጥሩ «ኒም» እየተባለ የሚጠራው ዛፍ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ኒም አይደለም። የኒም ዘመድ የሆነው ሜሊያ አዜዳራክ የተባለው ዛፍ ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት በመሆናቸው ይመሳሰላሉ፤ ስማቸውም ተቀላቅሏል።

ሆኖም ለሚያስተውል ሰው ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የእውነተኛው ኒም ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ትንንሽ ቅጠሎች አሉት፤ እነዚህም እንደ ማጭድ ጎበጥ ያሉ፣ ጠርዛቸውም እንደ መጋዝ የተቆራረጠ ነው። አበባው ነጭና ጥሩ መዓዛ ያለው ነው። ፍሬው ሞላላ ሆኖ ወይራ ፍሬን ይመስላል፤ ሲበስልም ቢጫ ይሆናል። የሜሊያ ቅጠል ግን ከዘንጉ ሌላ ዘንግ እየወጣ ሁለት ጊዜ የተከፋፈለ ነው። አበባው ወይን ጠጅ የመሰለ ነው። ፍሬው ክብ ነው፤ ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ካለቀ በኋላም በዘለላ በዘለላ ሆኖ እንደ ተንጠለጠለ ይቆያል። የፍሬው አጥንት ጠንካራ ስለሆነ በብዙ አገሮች ተበስቶ ለመቁጠሪያና ለአንገት ጌጥ ይውላል።

እናቶች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባው ይህን የሜሊያ ፍሬ ነው። ልጆች ከመሬት ለቅመው ይጫወቱበታል፤ አንዳንዴም ወደ አፋቸው ይከቱታል። ፍሬው ሜሊያቶክሲን የተባሉ መርዛም ንጥረ ነገሮች አሉበት። ፍሬውን የበሉ አሳማዎችና ውሾች መሞታቸው በልዩ ልዩ አገሮች ተመዝግቧል። ሰውን ደግሞ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሲከፋም ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ያንዘፈዝፋል። እንግዲህ ጎረቤት «ኒም» ብላ የምታመጣው ቅጠል ከየትኛው ዛፍ እንደ ተቆረጠ ማን ያውቃል?

ምሬቱ ከምን መጣ?

ዛፍ እግር የለውም፤ ጠላቱ ሲመጣበት ሸሽቶ አያመልጥም። ስለዚህ ራሱን የሚከላከለው በውስጡ በሚያዘጋጃቸው ኬሚካሎች ነው። በኒም ውስጥ የሚገኙት ዋናዎቹ የመከላከያ ንጥረ ነገሮች ሊሞኖይድ ይባላሉ። የሎሚ ፍሬ በድንገት ስትነክሱ አፋችሁን የሚያመርረው ነገር የእነዚሁ ወገን ነው። ሳሊሙዛማን ሲዲቂ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1942 ከኒም ዘይት ኒምቢን የተባለውን መራራ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከዚያ ወዲህም ከዚሁ ዛፍ እጅግ ብዙ ንጥረ ነገሮች ተለይተዋል።

ከሁሉ የታወቀው አዛዲራክቲን የተባለው ነው። የእርሱ ታሪክ የጀመረው በጎረቤታችን በሱዳን ነው። ሃይንሪሽ ሽሙተረር የተባሉ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 በሱዳን ሳሉ የአንበጣ መንጋ መጥቶ አካባቢውን አራቆተው። አረንጓዴ ሆነው የቀሩት የኒም ዛፎች ብቻ ነበሩ። አንበጣው ዛፉ ላይ ያርፋል፤ ሳይበላ ይነሣል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በተርወርዝና ሞርጋን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር አንበጣውን የሚያባርረውን ንጥረ ነገር ከኒም ፍሬ ለይተው አወጡት። የአዛዲራክቲን አንዱ ሞለኪውል 35 የካርቦን፣ 44 የሃይድሮጂንና 16 የኦክሲጂን አቶሞች አሉት። አሠራሩም እጅግ የተወሳሰበ ከመሆኑ የተነሣ በካምብሪጅ የፕሮፌሰር ስቲቨን ሌይ ቡድን በቤተ ሙከራ ሠርቶ ለማጠናቀቅ 22 ዓመት ፈጅቶበታል፤ የተሳካለትም እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

ይህ ንጥረ ነገር ነፍሳትን የሚጎዳው እንዴት ነው? ነፍሳት ሲያድጉ አሮጌ ቆዳቸውን ይጥላሉ፤ ይህን የሚያዝዝ ሆርሞንም በአካላቸው ውስጥ አለ። አዛዲራክቲን ይህን ሆርሞን ያዛባዋል። ስለዚህ ትሉ ምግብ ያስጠላዋል፣ ቆዳውን መጣል ያቅተዋል፣ ሳይራባም ይሞታል። ሰው እንደ ነፍሳት ቆዳውን እየጣለ ስለማያድግ በዚህ መንገድ አይጎዳም። ይህ ማለት ግን ኒም በጠቅላላው ለሰው አይጎዳም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። በመጀመሪያ አዛዲራክቲን በብዛት የሚገኘው በፍሬው ውስጥ ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው በጣም ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ መጠኑ ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ከቦታ ወደ ቦታ ይለያያል፤ የፀሐይ ብርሃንም ቶሎ ያጠፋዋል። እንግዲህ «አንድ እፍኝ ቅጠል» ማለት ልኩ የታወቀ መድኃኒት ማለት አይደለም።

በቤተ ሙከራ መሥራትና ሰውን ማዳን

ኒም ወባን ያድናል የሚለው ወሬ ከባዶ አልመጣም። በዛፉ ውስጥ የሚገኘው ጌዱኒን የተባለው ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ የወባን ተሕዋስ ሲገድል ታይቷል። ነገር ግን በብርጭቆ ውስጥ የሚገድል ነገር ሁሉ በሰው ደም ውስጥም ይገድላል ማለት አይደለም። ሆድ ይፈጨዋል፣ ጉበት ይለውጠዋል፣ ወደ ደም የሚደርሰውም ጥቂት ሊሆን ይችላል። እስከ ዛሬ ድረስ የኒም ፍል የወባ በሽተኛን እንደሚያድን በሰው ላይ በተደረገ አስተማማኝ ምርመራ አልተረጋገጠም።

ከባህል ዕፅ እውነተኛ የወባ መድኃኒት ሊወጣ እንደሚችል ግን ምስክር አለ። ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት ሳይንቲስት አርቲሚዚኒንን ከአንድ ጥንታዊ የቻይና ዕፅ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ለዚህ ሥራቸው በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኮአርተም የመጣው ከዚሁ ግኝት ነው። ልዩነቱ ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ ተመዝኖ፣ በበሽተኞች ላይ ተፈትኖ ለሕፃን ስንት፣ ለአዋቂ ስንት እንደሚሰጥ መታወቁ ነው። የኒም ቅጠል ይህን መንገድ አልሄደም።

በቆዳ ላይ ስለመቀባቱ የተሻለ ተስፋ አለ። በህንድ አገር የኒም ቅጠልና እርድ አብረው ተፈጭተው እከክ ለያዛቸው 814 ሰዎች ተቀብቶ፣ ከመቶው 97ቱ በ15 ቀን ውስጥ እንደ ዳኑ እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል። ሆኖም መድኃኒቱን ካልተቀቡ ሰዎች ጋር ባለመነጻጸሩ የመጨረሻ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በአገራችንም ተመራማሪዎች የኒምና የሜሊያ ዘይት ዋነኛዋን የወባ ትንኝ አኖፊሊስ አራቢየንሲስን እንደሚያባርር ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ሁለቱም ዘይቶች ትንኟን አባረዋል፤ ነገር ግን በፋብሪካ ከሚሠራው መከላከያ ቅባት ጋር ሲወዳደሩ ኃይላቸው ያነሰ፣ የሚቆዩበትም ጊዜ ያጠረ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ አጎበርን የሚተካ አይደለም።

ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች

አሁን የምንነግራችሁን በተለይ እንድትይዙልን እንለምናለን። እ.ኤ.አ. በ1981 የማሌዢያ ሐኪሞች አንድ አሳዛኝ ነገር ለዓለም ገለጹ። እናቶች ለጉንፋንና ለመሳሰለው ቀላል ሕመም ብለው የኒም ዘይት ለሕፃናት አጠጥተው ነበር። ሕፃናቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አስመለሳቸው፣ ደነዘዙ፣ ተንቀጠቀጡ፤ ጉበታቸውና አንጎላቸው ተጎዳ፤ የሞቱም ነበሩ። የተሰጣቸው መጠን በሻይ ማንኪያ የሚለካ ነበር። ያጠጧቸው እናቶች ልጆቻቸውን ይወዱ ነበር፤ ዘይቱም ከጥንት ጀምሮ በአገራቸው የታወቀ ነበር። የታወቀ መሆኑ ግን ሕፃናቱን አላዳናቸውም።

ነፍሰ ጡር ሴትም ኒምን በምንም መልክ መጠጣት የለባትም። በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ፅንስ እንዳይጸና እንደሚያደርግና እንደሚያስወርድ ታይቷል። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴትም እንዲሁ ልትጠነቀቅ ይገባታል።

እንግዲህ ኒም ምን ይጠቅመናል?

መጠጡን እንተው ስንል ዛፉን እንንቀፍ ማለታችን አይደለም። ጥላው ጥሩ ነው፤ ነቀዝንም ይከላከላል። በቆሎና ቦሎቄ ለቤት ቀለብ የምታስቀምጡ እናቶች እውነተኛውን የኒም ቅጠል ከቆላ አገር ካገኛችሁ፣ ፀሐይ ሳይሆን ጥላ ላይ አድርቁት። ከዚያ ወቅጣችሁ በደንብ ከደረቀው እህል ጋር ደባልቁትና አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። ቦሎቄውን ከመቀቀላችሁ በፊት በብዙ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ግቢያችሁ ውስጥ ሜሊያ ካለ ደግሞ የረገፈውን ፍሬ በየጊዜው ጠርጋችሁ አርቁ፤ ልጆችም እንዳይቀምሱት አስተምሩ።

ልጅ ሲያተኩሰው

ወባ ዛሬም ያለፈ ታሪክ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ሲያዙ 1,157 ሞተዋል። በወባ የተያዘ ትንሽ ልጅ ጠዋት እየተጫወተ ውሎ ማታ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሕፃን ሲያተኩሰው በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሙን አስመርምሩ። የወባው ዓይነት ሲታወቅ መድኃኒቱም በዚያው ልክ ይታዘዛል። መድኃኒቱ ሲሰጣችሁም ልጁ ተሻለው ብላችሁ ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው ስጡት። ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ቀደም ብሎ ቅጠል ጠጥቶ ከሆነም ሳታፍሩ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ቅጠሉንም ይዛችሁ ሂዱ። ይህን መደበቅ ሐኪሙን ያሳስታል፤ ልጁን ይጎዳል።

እኛም ሠራተኞች የሆንን ሴቶች እርስ በርሳችን ልንረዳዳ እንችላለን። ጎረቤታችሁ ፈረቃ ላይ ሳለች ልጇ ቢያተኩሰው፣ ቅጠል ከማፍላት ልጁን አዝሎ ጤና ጣቢያ ማድረስ የበለጠ ውለታ ነው።

የእናቶች ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባያዩ ኖሮ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ግኝታቸው ባልተገኘ ነበር። በኒምም ላይ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትና አንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ከአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት የባለቤትነት መብት ቢያገኙ፣ ህንዳዊቷ ቫንዳና ሺቫና ሌሎች ሴቶች «ይህ የገበሬዎቻችን ጥንታዊ ዕውቀት ነው» ብለው ተሟግተው እ.ኤ.አ. በ2000 አሰርዘውታል፤ ውሳኔውም በ2005 ጸንቷል። ዕውቀቱ የእናቶች ከሆነ ጥንቃቄውም የእናቶች መሆን አለበት። እናቶቻችን ኮሶን ሲሰጡ እንኳ ልኩን ይጠነቀቁ ነበር፤ ልኩን ያለፈ ኮሶ እንደሚጎዳ ያውቁ ነበርና። ስለዚህ ዛሬ ማታ ጎረቤታችሁ ቅጠሉን ይዛ ብትመጣ በአክብሮት አመስግኗትና ልጁን አብራችሁ አዝላችሁ ውጡ።