የአርኬድ ሞኒተር የሲንክ ጥበቃ

የአርኬድ ሞኒተር የሲንክ ጥበቃ በቆዩ የአርኬድ (በሳንቲም የሚሠሩ) የቪዲዮ ጨዋታ ማሽኖች ውስጥ የሚገኘው የካቶድ ጨረር ቱቦ (ሲ.አር.ቲ.) ሞኒተር ከተሠራበት ድግግሞሽ ውጭ በሆነ የሲንክ ሲግናል እንዳይጎዳ የሚደረግ መከላከያ ነው። ችግሩ በብዛት የሚነሳው የድሮ ሞኒተር ከኮምፒዩተር ጋር ሲያያዝ ነው። አብዛኞቹ የአርኬድ ሞኒተሮች 15 ኪሎሄርትዝ ገደማ በሆነ የአግድም ድግግሞሽ ይሠራሉ፤ ኮምፒዩተር ግን ሲነሳ 31 ኪሎሄርትዝ ገደማ ያወጣል። እነዚህ ሞኒተሮች ዛሬ ስለማይመረቱ የተቃጠለ ሞኒተር የሚተካው በሌላ አሮጌ ሞኒተር ነው።

የሲንክ ሥራ

በሲ.አር.ቲ. ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እየተጓዘ ምስሉን ይስላል። ጨረሩን የሚመራው በቱቦው አንገት ላይ ያለው ዮክ የሚባለው ጥቅልል ሽቦ ነው። የአግድም ሲንክ አዲስ መስመር፣ የቁም ሲንክ ደግሞ አዲስ ምስል መቼ እንደሚጀምር ይናገራል።

የአንድ ምስል መስመሮች ብዛት በሰከንድ ከሚሳሉት ምስሎች ብዛት ጋር ሲባዛ የአግድም ድግግሞሹ ይገኛል። ለምሳሌ 262 መስመር በሰከንድ 60 ጊዜ ሲሳል 15,720 ሄርትዝ ይሆናል። ይህ ለኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ቴሌቪዥን ድግግሞሽ (15,734 ሄርትዝ) የቀረበው የአርኬድ ሞኒተሮች ከቴሌቪዥን ቴክኖሎጂ ስለተወለዱ ነው። ሞኒተሮቹ በሦስት ይከፈላሉ፦

• መደበኛ ጥራት፦ 15 ኪሎሄርትዝ ገደማ
• መካከለኛ ጥራት፦ 24 ወይም 25 ኪሎሄርትዝ ገደማ
• ከፍተኛ ጥራት፦ 31 ኪሎሄርትዝ ገደማ፤ ይህ አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1987 ካወጣው ከቪ.ጂ.ኤ. ጋር አንድ ነው

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል

የአግድሙን ሰርኪት የሚያንቀሳቅሰው የሆሪዞንታል አውትፑት ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተሩ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ይሠራል። ሲበራ በዮኩና በፍላይባክ ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ቀስ በቀስ ይጨምራል። ሲጠፋ የተጠራቀመው ኃይል በአንድ ጊዜ ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይለወጥና ጨረሩን ወደ ግራ ይመልሰዋል። በዚያ ቅጽበት በትራንዚስተሩ ላይ 1,000 ቮልት ገደማ ሊያርፍ ይችላል፤ ለዚህም ነው ብዙውን ጊዜ እስከ 1,500 ቮልት የሚችል ትራንዚስተር የሚመረጠው።

ድግግሞሹ ሲወርድ ትራንዚስተሩ በርቶ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ከረንቱ ከተለመደው በላይ ያድጋል፤ ሲጠፋ የሚፈጠረው ቮልቴጅም አብሮ ይጨምራል። ትራንዚስተሩ ከአቅሙ በላይ ከሆነበት ወዲያው ይሞታል፤ ፍላይባኩም ሊጎዳ ይችላል።

ድግግሞሹ ሲጨምር ምክንያቱ ሌላ ነው። በ15.7 ኪሎሄርትዝ አንድ መስመር 63.5 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በ31.5 ኪሎሄርትዝ ግን ያለው ጊዜ 32 ማይክሮሰከንድ እንኳ አይሞላም። ጨረሩ ወደ ግራ የሚመለስበት ጊዜ በካፓሲተሩና በጥቅልሉ መጠን የተወሰነ ስለሆነ አያጥርም። ስለዚህ ትራንዚስተሩ በላዩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሳይወርድ እንደገና ሊበራ ይችላል፤ በዚህም ከመጠን በላይ ይግላል።

ሁሉም ሞኒተር ግን በአንድ መልክ አይጎዳም። ብዙዎቹ የራሳቸው ኦሲሌተር ስላላቸው ሲንኩን የሚከተሉት በጠባብ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምስሉ በሰያፍ ይቆራረጣል፤ በ31 ኪሎሄርትዝ ደግሞ አንድ ዓይነት ሁለት ጠባብ ምስሎች ጎን ለጎን ሊታዩ ይችላሉ። ከፍ ያለ የሲርታ ድምፅ፣ የጠበበ ምስልና የሚቃጠል ነገር ሽታ የአደጋ ምልክቶች ናቸው።

ችግሩ በአርኬድ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው አይ.ቢ.ኤም. 5151 ሞኒተር የሚሠራው በ18.432 ኪሎሄርትዝ ብቻ ነበር፤ የቪዲዮ ካርዱ በፕሮግራም በስህተት ሲስተካከል ሞኒተሩ ሊበላሽ ይችል ነበር።

የመከላከያ ዘዴዎች

ከምንጩ ማስተካከል፦ ኮምፒዩተሩ 15 ኪሎሄርትዝ እንዲያወጣ በሶፍትዌር ማድረግ ይቻላል። ድክመቱ ሶፍትዌሩ የሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የባዮስ ገጽ በ31 ኪሎሄርትዝ ይወጣል። አርኬድ-ቪ.ጂ.ኤ. የተባለው ካርድ ይህን ክፍተት ለመዝጋት ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ 15 ኪሎሄርትዝ እንዲያወጣ ተሠርቷል።

ሲንኩን ማገድ፦ በኮምፒዩተሩና በሞኒተሩ መካከል ትንሽ ሰርኪት ይገባል። ሰርኪቱ በሁለት የአግድም ሲንክ ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል፤ ጊዜው ከተወሰነው ካጠረ ሲንኩን ያቋርጣል። ለ15 ኪሎሄርትዝ ሞኒተር ወሰኑ በ32 እና በ63 ማይክሮሰከንድ መካከል ይሆናል። ሲንኩ ሲቋረጥ የራሱ ኦሲሌተር ያለው ሞኒተር በራሱ ድግግሞሽ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ምስሉ ቢንሸራተትም ትራንዚስተሩ አይጎዳም። ኮምፒዩተርን ከጃማ ማገናኛ ጋር የሚያያይዘው ጄ-ፓክ የተባለው ሰሌዳ እንዲህ ያለ መከላከያ አለው። በውጭ ሲንክ ብቻ ለሚነዳ ሞኒተር ግን ሲንክ ማቋረጥ ራሱ መፍትሔ አይሆንም።

ኃይሉን ማዘግየት፦ ሞኒተሩ ኮምፒዩተሩ ተነስቶ ትክክለኛውን ድግግሞሽ ማውጣት ከጀመረ በኋላ እንዲበራ በእጅ ወይም በሪሌይ ይደረጋል። ቀላል ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ በመሃል በራሱ ተዘግቶ ቢነሳ አይከላከልም።

የቁም ድግግሞሽ

የቁም ድግግሞሽ ልዩነት ብዙም አያሰጋም። አር-ታይፕ በ55 ሄርትዝ፣ ሞርታል ኮምባት ደግሞ በ54.7 ሄርትዝ ገደማ የሚሠሩ ቢሆኑም በመደበኛ ሞኒተር ላይ ይታያሉ። ምስሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢንሸራተት የቁም መያዣው ቁልፍ ይስተካከላል። የቁም ሰርኪቱ ጨርሶ ከቆመ ግን ጨረሩ በአንድ መስመር ላይ ብቻ ይመታል። በዚህ ጊዜ ሞኒተሩ ካልጠፋ የስክሪኑ ፎስፈር ይቃጠላል።

የደኅንነት ጥንቃቄ

የቀለም ሞኒተር የአኖድ ቮልቴጅ ከ20,000 ቮልት ሊበልጥ ይችላል። ቱቦው ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ቻርጅ ይዞ ይቆያል። ብዙ የአርኬድ ሞኒተሮች ከመብራት መስመሩ የሚለያቸው ትራንስፎርመር በውስጣቸው ስለሌለ ያለ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት የለባቸውም። ይህ ካልተጠበቀ ከሞኒተሩ ጋር የተያያዘው ኮምፒዩተር ሊቃጠል፣ የነካውንም ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል።