ጥቁር ያልነበረችው ፎርድ

በ1926 እ.ኤ.አ. የተሠራች የፎርድ ሞዴል ቲ ኩፔ በሚገባ ታድሳ ስትወጣ፣ ተመልካች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለሟ ነው። ሞዴል ቲ ጥቁር ብቻ ነበረች ሲባል ሰምቶ የኖረ ሰው ጥልቅ አረንጓዴ የለበሰች መኪና ፊቱ ቆማ ሲያይ አዳሹ ለራሱ ደስ ያለውን ቀለም የቀባት ይመስለዋል። አዳሹ ግን ልክ ነው። ጥቁር ብቸኛው ቀለም የነበረው ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ነው። ከዚያ በፊት ቀይም፣ ግራጫም፣ አረንጓዴም ሞዴል ቲዎች ተሸጠዋል። የ1926ቷ ኩፔ ደግሞ ከፋብሪካ የወጣችው አረንጓዴ ሆና ነው፤ ጥቁር የሆኑት ፓራፋንጎዎቿና ሻሲዋ ናቸው፣ የራዲያተሯ ክፈፍም በኒኬል የተለበጠ ነበር። ዛሬ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የሚቀቧት ሰዎች ታሪክ ያከበሩ እየመሰላቸው ታሪኳን ይሸፍኑባታል።

ሞዴል ቲ ለገበያ የቀረበችው በኦክቶበር 1908 ነው። የመጀመሪያዎቹ የተገጣጠሙት ዲትሮይት ውስጥ በፒኬት ጎዳና በነበረው ፋብሪካ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም.፣ ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ አንዲት ሲድሊ መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለዓፄ ምኒልክ አሳይቷል። ያን ጊዜ መኪና በየትም አገር የነገሥታትና የባለጸጎች ዕቃ ነበረ። ሄንሪ ፎርድ የፈለገው ገበሬው የሚገዛውን ነበር። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ውስጥ ሻሲው ራሱ በሠራተኞቹ ፊት እየተጎተተ እንዲያልፍ ሲያደርግ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የሻሲ መገጣጠም ሥራ ብዙም ሳይቆይ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። በ1908 850 ዶላር ገደማ ይጠየቅባት የነበረችው መኪና፣ ክፍቷና ባለ ሁለት ሰው መቀመጫዋ በ1925 በ260 ዶላር ትሸጥ ነበር።

ክፍት የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። በእነዚያ ዓመታት መኪና ማለት አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው የሸራ፣ ጎኑ ባዶ የሆነ ዕቃ ነበር። ነጂው ለዝናቡ ካፖርት፣ ለአቧራው መነጽር ያዘጋጃል፤ ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አቁሞ ጸደይን ይጠብቃል። ዝግ አካል የሚሠራው በሠረገላ አናጺ ጥበብ ነበር። ጠንካራ እንጨት ተጠርቦ አጥንቱ ይቆማል፣ ላሜራው በላዩ ይለብሳል። ሥራው ረጅም፣ መኪናውም ከባድና ውድ ይሆናል። ስለዚህ ዝግ ኩፔ ቀድመው ከገዙት መካከል ሌሊትም ዝናብም ሳይሉ በሽተኛ ለማየት የሚጠሩ ሐኪሞች ነበሩ፤ «የሐኪም ኩፔ» የሚለው ስም እስከ ዛሬ የቀረውም በዚህ ነው። በ1919 አሜሪካ ውስጥ ከተሸጡት መኪኖች ዝጎቹ አንድ አሥረኛ ገደማ ነበሩ። በ1927 ግን 85 በመቶ ደረሱ። በስምንት ዓመት ውስጥ መኪና የበጋ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የዓመት ሙሉ መጓጓዣ ሆነ። የ1926ቷ ኩፔ የቆመችው እዚህ መሸጋገሪያ ላይ ነው። አካሏ በአብዛኛው ብረት ነው፣ መስኮቷ በመዞሪያ ይወርዳል ይወጣል፣ ከኋላዋ የዕቃ ሣጥን አላት። ሁለት ሰው በሯን ዘግቶ ሳይረጥብ ይጓዝባታል።

ከዚህ ዘመናዊ አካል ሥር ያለው ግን የ1908ቱ ማሽን ነው፤ ይቺን መኪና እንድወዳት የሚያደርገኝም ይህ ነው። አራት ሲሊንደር፣ 2.9 ሊትር፣ 20 የፈረስ ጉልበት። የውኃ ፓምፕ የላትም፤ የሞቀው ውኃ ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ በራዲያተሩ ቀዝቅዞ ይወርዳል። የዘይት ፓምፕም የላትም፤ የሚሽከረከረው ከባዱ የሞተር ጎማ ዘይቱን እየረጨ ያዳርሰዋል። የዘይቱን መጠን ለማየት ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎችን መክፈት ያስፈልጋል፤ ከላይኛው ከፈሰሰ ሞልቷል፣ ከታችኛውም ካልፈሰሰ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም። የነዳጅ ፓምፕ እንኳ የለም። በቀደሙት አብዛኞቹ ሞዴሎች ታንኩ ከመቀመጫው ሥር ስለነበረ፣ ቁልቁል የሚወርደው ቤንዚን ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ካርቡራተሩ ጋ መድረስ ያቅተዋል። ሰው ታዲያ መኪናውን አዙሮ ዳገቱን በኋላ ማርሽ ይወጣው ነበር፤ የኋላ ማርሿ ከፊተኛው ዝቅተኛ ማርሽ ይልቅ ጉልበት ስላለውም ያግዘው ነበር። በ1926ቷ ኩፔ ታንኩ ወደ ፊት፣ ከመስተዋቱ ሥር ወዳለው ሣጥን ስለተዛወረ ይህ ችግር ቀርቷል።

አነዳዷን የዛሬ መንጃ ፈቃድ አያስተምርም። እግር ሥር ሦስት ፔዳሎች አሉ፤ አንዳቸውም ግን ነዳጅ መስጫ አይደሉም። ነዳጅ የሚሰጠው ከመሪው ሥር በስተቀኝ ባለው ዘንግ በእጅ ነው። በስተግራ ያለው ዘንግ የካንዴላውን እሳት ያስቀድማል ወይም ያዘገያል። የግራውን ፔዳል እስከ መጨረሻው ሲረግጡት ዝቅተኛው ማርሽ ይገባል፣ ግማሽ ላይ ሲይዙት መኪናዋ ነጻ ትሆናለች፣ የእጅ ፍሬኑን ወደ ፊት ለቀው እግርን ሲያነሱ ከፍተኛው ማርሽ ይይዛል። የመሐከለኛው ወደ ኋላ ይወስዳል። ፍሬኑ የቀኙ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ለማዝገም የፈለገ የዛሬ ሰው እንደ ልማዱ ግራ እግሩን ፍሪሲዮን ብሎ ወደ ታች ቢጭን፣ መኪናዋ ነጻ በመሆን ፈንታ ዝቅተኛ ማርሽ ገብታ ትገፋዋለች።

ዝግ ሞዴሎቹ ከ1919 ጀምሮ ሞተሪኖ ስላላቸው በእጅ መዘወር ግድ አልነበረም። ቢሆንም የማስነሻው እጀታ ፊቷ ላይ ተሰክቶ ይኖራል። በእጅ የሚያስነሣ ሰው አስቀድሞ የግራውን ዘንግ ወደ ላይ ገፍቶ እሳቱን ያዘገያል፤ ካልሆነ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታና ክንድ ይሰብራል። በዚህ የተሰበረ ክንድ ብዙ ነበር። ስለዚህ በግራ እጅ፣ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጎን ሆኖ፣ ከታች ወደ ላይ ብቻ ይሳባል። ሞተሩ ሲነሣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ያሉት አራቱ የእሳት ጥቅልሎች እንደ ንብ ቀፎ መጮህ ይጀምራሉ። የጥቅልሎቹን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ከሞተሩ ጋር የሚዞሩ 16 ማግኔቶች ናቸው።

እድሳት ሲባል ሰው የሚያስበው ባቱታና ቀለም ነው። ቀለም ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ኮሎው የሚያርፍባቸው ሦስቱ ማረፊያዎች የሚታደሱት ባቢት የሚባለውን ለስላሳ የብረታ ብረት ቅይጥ አቅልጦ በማፍሰስና ከዚያ በልክ በመጥረብ ነው፤ ይህን በደንብ የሚያውቅ እጅ እየተመናመነ ነው። የደከሙት ማግኔቶች እንደገና ይሞላሉ። የጥቅልሎቹ አሮጌ ካፓሲተር ይወጣና አዲስ ይገባል። ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ይሰለቻሉ፤ ጥቅልሎቹን ነቅለው የዘመኑን ዲስትሪቢዩተር ይገጥማሉ። ሞተሩ ይሠራል፣ እንዲያውም ቶሎ ይነሣል። እኔ ግን ይህን እድሳት አልለውም። ድምፁም ጠባዩም ከጥቅልሎቹ ጋር ይሄዳል፤ የቀረው አሮጌ ልብስ የለበሰ ሌላ ሞተር ነው።

በሌላ በኩል ጥንታዊነቷን ለመጠበቅ ብሎ ሁሉንም ሳይቀይሩ መተው ሰው ይገድላል። የቀኙ ፔዳል የሚይዘው ጎማዎቹን አይደለም፤ ካምቢዮው ውስጥ ያለውን ከበሮ ነው። ኃይሉ በኋላ ዲፈረንሻል በኩል ነው ጎማ የሚደርሰው። ፋብሪካው በዲፈረንሻሉ ውስጥ የባቢት ቀለበቶችን አስገብቶ ነበር፤ እነሱ በዕድሜ ብዛት ይፈረካከሳሉ። ሲፈረካከሱ ጥርሶቹ ይላቀቁና የእግር ፍሬኑ ባዶ ይሆናል። ከፊት ጎማዎች ላይ ፍሬን የለም፤ የሚቀረው ደካማው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ አዳሽ እነዚህን ቀለበቶች ያለ ክርክር በነሐስ ይለውጣል። አውራ ጎዳና ላይ የሚነዳት ደግሞ በኋላ ጎማዎቿ ላይ ተጨማሪ ፍሬን ቢያስገጥም ማንም ሊወቅሰው አይገባም። በሰዓት ከ65 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ልትሮጥ የምትችል መኪና መቆምም አለባት።

ሜይ 26 ቀን 1927 ላይ 15 ሚሊዮነኛዋ ሞዴል ቲ ከፋብሪካ ወጣች፣ ምርቱም በዚያው ዓመት ቆመ። ይህን ቁጥር እስከ 1972 የበለጠው መኪና አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ፎልክስዋገን ቢትል አለፈው። ብዛቷ ለዛሬ አዳሾች ጠቅሟል። መለዋወጫዋ እስከ አሁን በአዲስ ይሠራል፣ በ1965 የተቋቋመው የአሜሪካ የሞዴል ቲ ባለቤቶች ክበብም አለ። ፒኬት ያለው የመጀመሪያው ፋብሪካ ሙዚየም ሆኗል። በዚያው በሚሺጋን፣ ሂኮሪ ኮርነርስ በምትባል መንደር የሚገኘው የጊልሞር የመኪና ሙዚየም ደግሞ ሞዴል ቲ መንዳት ለፈለገ ሰው ያስተምራል።