በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዙ የኮድ ኤዲተሮች፦ ከመጠቀም በፊት ሊመዘኑ የሚገባቸው ነጥቦች

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ዜጎች የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ልማት መሠረታዊ ሥልጠናዎችን በኦንላይን በነጻ እንዲከታተሉ ዕድል ከፍቷል። ሠልጣኞችም ሆኑ በቦሌ ለሚ አይሲቲ ፓርክና በአካባቢው በሶፍትዌር ልማት የተሰማሩ ባለሙያዎች እንደ ኮፓይሎትና ከርሰር ያሉ የኮድ መጻፊያ መሣሪያዎችን በቀላሉ ማግኘት ይችላሉ። ይህ ማብራሪያ መሣሪያዎቹን ለመመዘን የሚረዱ ነጥቦችን ያቀርባል።

አሠራራቸው

ኤዲተሩ የተጻፈውን ኮድና የተጠቃሚውን ጥያቄ በኢንተርኔት ወደ አገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ይልካል፤ በዚያ የሚገኘው ሞዴል ቀጣዩን ኮድ ገምቶ ይመልሳል። ግምት በመሆኑም የተስተካከለ መስሎ የሚታይ የተሳሳተ ኮድ ሊያቀርብ ይችላል። ግንኙነት ሲቋረጥም እገዛው ይቆማል።

ፍጥነት

ሜትር የተባለ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 16 ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች እነዚህን መሣሪያዎች ሲጠቀሙ ሥራቸውን ለመጨረስ 19 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ እነርሱ ግን 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። ውጤቱ ለሁሉም ሥራና ተጠቃሚ ባይሠራም፣ ፍጥነት በስሜት ሳይሆን በሰዓት መለካት እንዳለበት ያሳያል። ስለዚህ ተመሳሳይ ሥራዎችን በመሣሪያውና ያለ መሣሪያው በመሥራት፣ ስሕተት ለማረም የሚወስደውን ጊዜ ጨምሮ ማነጻጸር ይመከራል።

ለተማሪዎች

መሠረታዊ መለኪያው፦ መሣሪያው ከተዘጋ በኋላ ተማሪው ያንኑ ኮድ በራሱ ጽፎ እያንዳንዱን መስመር ማስረዳት ይችላል ወይ? የሚል ነው። የማይችል ከሆነ የቤት ሥራው ተጠናቀቀ እንጂ ትምህርቱ አልተገኘም፤ ጉድለቱም በፈተና ወይም በቅጥር ቃለ መጠይቅ ወቅት ይገለጣል። መልሱን ከመጠየቅ ይልቅ የስሕተቱን ምክንያት እንዲያብራራ መጠየቅ የተሻለ ጥቅም አለው።

የግል ዳታ ጥበቃ

የደንበኞች ስም፣ ስልክ ወይም የፋይዳ ቁጥር በኮድ ፋይል ውስጥ ካለ ከኮዱ ጋር አብሮ ከአገር ሊወጣ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታን ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍን በሁኔታዎች የሚገድብ በመሆኑ፣ ለሙከራ እውነተኛ ዳታ መጠቀም አይገባም። የይለፍ ቃሎችን ከኮድ ፋይል ውጭ ማስቀመጥ፣ እንዲሁም ኮዱ ለሞዴል ማሠልጠኛ እንዳይውል የሚያደርገውን ምርጫ አስቀድሞ ማብራት ያስፈልጋል።

ወጪ

የክፍያ ጥቅሎች ባብዛኛው በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈሉ ናቸው። በመሆኑም ነጻውን አማራጭ በቅድሚያ መሞከርና ከላይ በተገለጸው መንገድ መለካት ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ኮዱን መሣሪያው ቢጽፈውም ኃላፊነቱ የተጠቃሚው መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።