እሳት የሚጠፋባት ዕለት፦ የቤተ እስራኤል ሰንበት

ፒዮሪያ ስትሪት አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ኮልፋክስን ይዞ ከአውሮራ ወደ ዴንቨር ሲነዳ ናሽናል ጂውሽ የተባለውን ሆስፒታል ማየቱ አይቀርም። በ1899 እ.ኤ.አ. በአይሁድ ማኅበረሰብ ድጋፍ የተከፈተው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን በነጻ ለማከም ነበር። የከተማዋ ቀደምት የአይሁድ ማኅበር ቴምፕል ኢማኑኤልም ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በእንዲህ ያለው ማኅበር ዓርብ ማምሻውን ሻማ ይበራል፤ ቅዳሜ ጠዋት ኦሪት ከብራና ጥቅልል በዕብራይስጥ ይነበባል፤ ቅዳሜ ማታ ሰንበት በወይንና በቅመም መዓዛ ትሸኛለች። ይህን የሚያይ አንባቢ ከዚህ የጠበቀ ሰንበት በራሱ አገር፣ በጎንደር መንደሮች ለዘመናት መከበሩን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ሰንበት በመንደሮቻቸው ሳሉ ይጀምር የነበረው ከዓርብ ዝግጅት ነው። ወለቃና አምቦበርን በመሳሰሉ መንደሮች ከቀትር በኋላ የቀጥቃጩ ወናፍ ያርፋል፤ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን ትሸፍናለች፤ ሸማኔው ከጉድጓዱ ይወጣል። ልብስ ይታጠባል። ለሰንበት የሚበላው፣ በተለይ ዳቦው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተጋግሮ ያልቃል፤ ጠላውም ቀድሞ ተጠምቋል። ከዚያ ሁሉም ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል፣ ነጭ ይለብሳል። በውኃ መንጻት የዚህ ሕዝብ ሃይማኖት ዓምድ ነበር። ከማኅበሩ ውጭ ያለ ሰው የነካው ሳይታጠብ ወደ መንደሩ አይገባም፤ ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ይሏቸው የነበረውም በዚህ ነው። መንደሮቻቸው ወንዝ አጠገብ የመቆርቆራቸው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በመጨረሻም እሳቱ ይጠፋል። ከዴንቨሩ ምኩራብ ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ዘጸአት 35፡3 በሰንበት እሳት ማንደድን ይከለክላል። የአይሁድ የሕግ ትርጓሜ የሆነው የታልሙድ ሊቃውንት ይህን ሲተረጉሙ፣ ሰንበት ሳትገባ የበራ መብራት እየነደደ ቢያመሽ አይከለከልም አሉ፤ እንዲያውም የዓርብ ሻማን ማብራት ግዴታ አደረጉት። ምግብም ቀድሞ በተቀጣጠለ እሳት ላይ ሲሞቅ ያድራል። ቤተ እስራኤል ግን ታልሙድን አያውቁም ነበር፤ የሚመሩት በኦሪት ቃልና በአባቶቻቸው ወግ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን በጨለማ ያሳልፉ ነበር፤ ምግቡንም ቀዝቃዛውን ይበሉ ነበር። ውኃ አይቀዳም፣ መንገድ አይኬድም፤ ባልና ሚስትም አይተኙም። በደጋ ብርድ ያለ እሳት ማደር ምን ማለት እንደሆነ የጎንደር ሰው ያውቀዋል።

ጸሎቱ ዓርብ ማታ ይጀምርና ቅዳሜ ይቀጥል ነበር። መስጊድ ወይም ጸሎት ቤት በሚሉት ጎጆ ውስጥ ቄሶቹ በግእዝ ያዜማሉ፤ በአገውኛ የሚባሉ ጥንታውያን ጸሎቶችም አሉ። ኦሪታቸው ጥቅልል ሳይሆን እንደ ቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ የተደጎሰ ብራና ነው። ቄሱ በግእዝ አንብቦ ለሕዝቡ በአማርኛ ይተረጉማል። ከጸሎት በኋላ ከየቤቱ የመጣው ዳቦ ተባርኮ ይቆረሳል፤ ሁሉም አብሮ ይቀምሳል። «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለው የግእዝ መጽሐፋቸው ሰንበትን በፈጣሪ ፊት ቆማ ስለ ሰው እንደምትማልድ ሴት ያቀርባታል። ምሁሩ ጆሴፍ ሃሌቪ በ1902 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል፤ ግእዝ የሚያነብ ሁሉ ቢያየው እመክራለሁ።

ይህ ሁሉ ለክርስቲያኑ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ቀዳሚት ሰንበትን ማክበር በእኛም ቤተ ክርስቲያን ብዙ አከራክሮ፣ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ከእሑድ ጋር ጸንቷል። በአንድ ተራራ ግርጌ የኖሩ ሁለት ሕዝቦች ቅዳሜን በአንድ ቋንቋ ሲያወድሱ ኖረዋል።

ከቤተ እስራኤል ሰንበቶች ሁሉ የማይረሳው ግን ሰማይ ላይ ያለፈው ነው። ሕዝቡን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው ዘመቻ ሰለሞን የተጀመረው ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት ነበር፤ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ቀርተውታል። በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። አውሮፕላኖቹ ቅዳሜንም በረሩ፤ በአይሁድ ሕግ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራልና። ውኃ እንኳ ሳይቀዱ ሰንበትን ሲጠብቁ የኖሩ አዛውንት ቅዳሜን በሞተር ድምፅ ውስጥ ዋሉ።

ዛሬ በእስራኤል አብዛኞቹ ልጆቻቸው ሻማ ያበራሉ፣ በዕብራይስጥ ይጸልያሉ። በየዓመቱ የሚከበረው ስግድ የተባለው በዓላቸው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ሆኗል፤ በዚያ ቀን ቄሶቹ ጃንጥላ ዘርግተው በግእዝ ሲያዜሙ ይሰማሉ። ጎንደር ውስጥም ከዘመዶቻቸው ጋር ለመቀላቀል የሚጠባበቁ ሰዎች በሃቲክቫ ምኩራብ በዕብራይስጥ ሥርዓት ይጸልያሉ። የግእዙን ዜማና የአገውኛውን ጸሎት በሙሉ የሚያውቁት ግን አረጋውያኑ ናቸው።

ማረሻችንን የቀጠቀጡልን፣ ጀበናችንን የሠሩልን እነዚሁ ሰዎች ነበሩ፤ እኛ ደግሞ ማታ «ቡዳ» እያልን በር ዘጋንባቸው። ይህ በደል ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ስም በፒዮሪያ ስትሪት ቡና ላይ ለጨዋታ እንኳ ሲነሳ ዝም አትበል፤ ለልጆችህም እነዚህ ሰዎች ሰንበታቸውን እንዴት ይጠብቁ እንደነበር ንገራቸው።